የሁለት ቤት እንግዳ

ዊንዘር ላይ ለቆመ፣ አሜሪካ ያለችው በሰሜን በኩል ነው፤
ካርታውን ያጣመመው
ወንዙ ነው ይላሉ። ወንዙን ማን ጠየቀው?

ከሊሚንግተን መጣሁ፣ ከመስታወት ቤቶች፣
ሌሊት ከሚያበሩ ሰው አልባ ከተሞች፤
ጭነቴ ቲማቲም፣ ሃያ ሁለት ፓሌት፣
አንገቱ አረንጓዴ፣ ጉንጩ ደም የሞላበት።
የለቀመው ኤፍራይን ነው፣ የኦሃካው ሰው፤
ስምንት ወር በውል ነው፣ አራት ወር ከልጆቹ፣
ሳሙና የማያስለቅቀው ጥቁር አረንጓዴ አለ በጣቶቹ።
«ይኼ ቲማቲም» ይላል፣ «ፓስፖርቱ የቱ ነው?
ዘሩ ከኛ ሰፈር፣ ውኃው ከዚህ ሐይቅ፣ የሚበላው ማዶ ያለው።»
ሦስት መንግሥታት አንድ ልጣጭ ለብሰው ያድራሉ፤
ቢላ ካልገባ በቀር ተስማምተው ይኖራሉ።

ዛሬ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሲሆን አዲስ ቀረጥ ይጸናል፤
ሃያ አምስት በመቶ። ሬዲዮው ከማለዳ ይኼንኑ ያላምጣል።
ሦስቱ የተፈራረሙት ውል ነበረ፣ ወፍራም ነው አሉ፣ አላነበብኩትም፤
አሁን ልቃቂቱ አለ፤ ውሉን ግን ያገኘው የለም።

ቪርጂሊዮ ደወለ፣ የመስታወቱ ጌታ፤
«ከስድስት በፊት ግባ!» አለና ዘጋው፣ ሳይሰጠኝ ሰላምታ።

እኔ ያሰብኩትን አገሩ ሁሉ አስቦታል፤
ከሂውሮን ቸርች መንገድ እስከ ድልድዩ አፍ መኪና ተኮልኩሏል፤
አሳማ የጫነ፣ አልሙኒየም የጫነ፣
ከፊቴ ደግሞ አንድ ሽማግሌ፣ ጭነቱ የበር እጀታ የሆነ።
«እጀታው» አለኝ ወርዶ፣ ሲጋራውን ለኩሶ፣
«ስድስቴ ተሻገረ ይኼን ወንዝ ተመላልሶ፤
አንዴ ሊቀባ፣ አንዴ ሊበሳ፣ አንዴ ሊለካ፤
መኪና ቀርቶ በር እንኳ አልሆነም ለካ!»

ድልድዩ ስሙ አምባሳደር ነው።
መልእክት አድርስ ቢሉት ግን ነፋስ ብቻ ነው የሚያሰማው።
መሐሉ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ባንዲራ፤
እዚያ ቆምን።
ጋቢናዬ አሜሪካ፣ ጭነቴ ካናዳ፣
እኔ ከነመሪዬ የሁለት ቤት እንግዳ።
ለስድስት ሁለት ጉዳይ።
ለስድስት አንድ።
ስድስት።

ምንም አልሆነ። ቲማቲሙ አልጮኸ።
ወንዙ ከሥር፣ ጨለማውን ይዞ፣ እንደ ልማዱ ሄደ።
ግን ከጀርባዬ፣ ፀሐይ ሳትጨምርለት፣ እጅ ሳይነካው፣
ቲማቲሜ በሩብ ተወደደ።

ኬላው ላይ ያገኘኋት ኮዋልስኪ ትባላለች፤ ደረቷ ላይ ተጽፏል።
«ስንት ሰዓት ገባህ?»
«የፊት ጎማዬ ቀድሟል፣ የኋላው ግን ዘግይቷል።»
ሳቀች። ማኅተሟ አልሳቀም።
«ቅዳሜ» አለች ደረሰኙን ስትቀድ፣ «ይኼንኑ የምገዛው እኔ ነኝ፤
ራሴን ነው የቀረጥኩት።» ምን ልመልስ? መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ሸኘኝ።

ጎረቤት ሲኳረፍ አጥሩን ከፍ ያደርጋል፤
ዶሮዋ ግን መጣያዋን ታውቃለች፤ የማዶው ድርቆሽ ይሞቃል።

ዲትሮይት፣ ገበያው ሲነጋጋ፣ ገዢዬ ኦቲስ ወረቀቱን አየ፣
ቲማቲሙን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ፤
አሥራ ዘጠኙን አወረደ። ሦስት ፓሌት ቀረ።
«በዚህ ዋጋ አይሸጥልኝም፤ መልሰው» አለኝ። አልተከራከርኩትም።

አሁን ፀሐይ ወጥታለች፤ ወደ ደቡብ፣ ወደ ካናዳ እነዳለሁ።
ኬላው ላይ አንድ ለጋ ልጅ፣ ሸሚዙን የሱቁ እጥፋት ገና ያልለቀቀው፤
«ከአሜሪካ ምን ታስገባለህ?»
«ቲማቲም።»
«የየት አገር?»

ከኋላዬ ጥሩምባ ተነፋ።
ኤፍራይን ለመንገድ ብሎ የሰጠኝን አንዷን ከኪሴ አወጣሁና
በመስኮት አቀበልኩት።